ስንሄድ ይቀዘቅዛል፣ ስንቆም ይሞቃል

ዛሬ የአዳማ ፀሐይ ለጉድ ነበር። የመኪናዬ ኤሲ መንገድ ላይ ደህና ያቀዘቅዛል። ባጃጅ በዝቶ መንገድ ሲጨናነቅና ስቆም ግን ሙቅ አየር ይተፋል። አብራኝ የነበረችው እናቴ ግፊት አለባት፣ ሙቀት አይስማማትም። በጣም ጨነቀኝ።

መጀመሪያ የሄድንበት ጋራዥ ሳያይ "ጋዝ አልቋል፣ እንሙላው" አለ። ይሄ ነገር ያናድደኛል። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም፣ በተዘጋ መስመር ውስጥ ነው የሚዞረው። ከጎደለ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። ቀዳዳው ሳይገኝ መሙላት ብር መበተን ነው። ከልክ በላይ ከተሞላ ደግሞ ግፊቱ ጨምሮ ጋዙን የሚጨምቀውን ኮምፕሬሰር ይጎዳል።

ሌላ ባለሙያ ጋ ሄድን። ልጁ ሞተሩን አስነስቶ፣ ኤሲውን አብርቶ ኮፈኑን ከፈተ። የኮንደንሰሩ ፋን አይዞርም! ኮንደንሰር ማለት ራዲያተር የሚመስለው፣ የጋዙን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያስወጣው ክፍል ነው፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው ደግሞ አየር ሲያልፍበት ነው። ስትነዱ ንፋሱ ያበርደዋል፣ ስትቆሙ ግን ያለው ፋኑ ብቻ ነው። የፋኑን ሪሌ (ኤሌክትሪክ የሚሰጠውንና የሚያቋርጠውን ማብሪያ) በሌላ ደህና ሪሌ ሲቀይረው ፋኑ ተነሳ። ጋዙንም በጌጅ ለካው፣ ልክ ነበር። ኮንደንሰሩ ላይ የተጋገረውን አቧራ ቀስ አድርጎ በውሃ አጠበልን። እናቴ መርቃ መርቃ አልጠግብ አለች።

የእናንተ ደግሞ መጀመሪያ ቀዝቅዞ፣ ቆይቶ የሚወጣው አየር ከደከመ ወደ ውስጥ የሚገባውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢቫፖሬተር በረዶ ሠርቶ ሊሆን ይችላል። ኤሲውን አጥፍታችሁ ነፋሱን ብቻ ትንሽ ልቀቁት። አየሩ ከተመለሰ ጥርጣሬያችሁ ልክ ነው። የካቢን ፊልተሩንም (የውስጡን አየር የሚያጣራውን) እዩት፣ ሲደፈን አንዱ መንስኤ እሱ ነው።

ኮፈን ከፍታችሁ ስታዩ እጃችሁን ከፋኑ አርቁ፣ ሳይታሰብ ይነሳል።