ኤሊኖር ሩዝቬልት እና «የባሏ ስልጣን ነው» የሚባለው ነገር

ስለ ኤሊኖር ሩዝቬልት፣ የአሜሪካው ፕሬዝዳንት የፍራንክሊን ሩዝቬልት ሚስት፣ ባነሳሁ ቁጥር «የፕሬዝዳንት ሚስት ሆና ማን የማይሰማት አለ» የሚለኝ አይጠፋም። ግን እኮ ትልቁን ስራዋን የሰራችው ባሏ ከሞተ በኋላ ነው።

ፖለቲካ ውስጥ የገባችው በባሏ በኩል ነው፣ እሱን አልክድም። ፍራንክሊን በ1921 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ታሞ እግሮቹ ሽባ ሲሆኑ አማካሪው ሉዊስ ሃው የሰውየው ስም እንዳይረሳ ብሎ እሷን በየስብሰባው ያዞራት ጀመር፣ መድረክ ላይ ስትደነግጥ የምትስቀውን ሳቅ ሳይቀር እያረመ። ዋይት ሀውስ ስትገባ ደግሞ ለሴት ጋዜጠኞች ብቻ መግለጫ መስጠት ጀመረች፣ በቃ ጋዜጦቹ ወደዱም ጠሉም ሴት ጋዜጠኛ መያዝ ግድ ሆነባቸው። ብልጠት ነው!

በ1938 በርሚንግሃም አላባማ ላይ ነጭና ጥቁር ለየብቻ በሚቀመጥበት ስብሰባ ሄዳ ጥቁሮቹ ጋር ቁጭ አለች፣ ፖሊስ መጥቶ አይቻልም ሲላት ወንበሯን አንስታ መሃል መተላለፊያው ላይ አደረገችው።

ባሏ በ1945 ሞተ፣ እና እሱን የተካው ፕሬዝዳንት ትሩማን ወደ ተመድ ላካት። አብረዋት የተላኩት ወንዶች ምንም አታበላሽም ብለው ሶስተኛው ኮሚቴ መደቧት፣ ማህበራዊና ሰብአዊ ጉዳይ ምናምን የሚያየው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስደተኞች ጉዳይ የፈነዳው ግን እዛው ኮሚቴ ውስጥ ሆኖ አረፈው፣ ሶቪየቶች ስደተኞቹ ወደየሀገራቸው ይመለሱ ሲሉ እሷ ማንም ሳይፈልግ በግድ አይመለስም ብላ ከሶቪየቱ ተወካይ ከቪሺንስኪ ጋር ተከራከረች፣ ድምፅ ሲሰጥም የሷ ወገን አሸነፈ። ከዛ የሰብአዊ መብት ኮሚሽኑ ሊቀመንበር ሆነች፣ ኮሚሽኑ ያረቀቀው ዓለም አቀፉ የሰብአዊ መብቶች መግለጫም ታህሳስ 1948 ፓሪስ ላይ በ48 ድጋፍ፣ ያለ አንድ ተቃውሞ፣ በ8 ድምፀ ተአቅቦ ፀደቀ። ከ48ቱ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።

አንድ የማይዋጥልኝ ነገር ግን አለ። በ1947 የጥቁሮች መብት ማህበሩ ኤንኤኤሲፒ የአሜሪካን የዘር መድልዎ የሚከስ አቤቱታ ለተመድ ሲያቀርብ፣ እሷ ራሷ የማህበሩ ቦርድ አባል ሆና ሳለ አልደገፈችውም፣ ለሶቪየቶች ፕሮፓጋንዳ ይሆናል ብላ። የምትወክለው መንግስት እጇን እንደያዛት ይገባኛል፣ ግን በርሚንግሃም ላይ ለፖሊስ ያልተበገረች ሴት እዚህ ጋ ወደኋላ ማለቷ ያናድደኛል።