ለእህቴ ክፍል ፍለጋ

ታናሽ እህቴ ዘንድሮ ባሕር ዳር ልትማር ነው። ነርሲንግ። የግል ኮሌጅ ስለሆነ ዶርም የለም፣ ካፌም የለም። ከዳንግላ እየተመላለሱ መማር አይታሰብም። መንገዱ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ በእነዚህ ዓመታት ደግሞ ጠዋት የወጣ ሰው ማታ እቤቱ ለመግባቱ ዋስትና የለውም። ስለዚህ የክፍል ፍለጋው በእኔ ላይ ወደቀ።

«አንቺ ጋ ለምን አትኖርም?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እኔ፣ ባለቤቴና ልጃችን እዚሁ ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ፣ የምንኖረው በአንዲት ክፍል ነው። ልጄ ገና ጥርስ እያበቀለች ነው፤ ሌሊት ሙሉ ታለቅሳለች። እዚያ ውስጥ አናቶሚ ማጥናት አይቻልም። እህቴ እንድትማር ነው የምፈልገው፣ ልጅ እንድትይዝልኝ አይደለም። ይህን ለእናቴም በግልጽ ነገርኳት። መጀመሪያ ቅር አላት፣ ቆይታ ገባት።

እኔ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ነው የተማርኩት፣ በመንግሥት ምደባ። ዶርሙ ጠባብ ነበር። ለአንድ ክፍል ብዙ ነበርን፣ ሻወሩ ሲሻው ይመጣል ሲሻው ይጠፋል። ቢሆንም አልጋ ነበረኝ፣ ምግብ ነበረኝ፣ እስከ ሌሊት ክፍት የሆነ ቤተ መጻሕፍት ነበረኝ። ታምሜ ስወድቅ የግቢው ክሊኒክ ቅርብ ነው። ወጪውን በወጪ መጋራት ፈርሜ ነው የተማርኩት፣ ከተመረቅሁ በኋላ ከፈልኩ። በዚያ ዕድሜዬ ግን አንድም ቀን «የት ልደር?» ብዬ አላሰብኩም። ያ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደነበር የገባኝ ዘንድሮ ለእህቴ ስዞር ነው።

ባሕር ዳር ከተማሪ ጋር ያደገች ከተማ ናት። ፖሊ የምንለው ፖሊቴክኒክ በ1950ዎቹ አጋማሽ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ተሠራ። ፔዳ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ መጣ። በ1992 ዓ.ም. ሁለቱ ተዋህደው ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ከዚያ ዘንዘልማ፣ ይባብ፣ ጥበበ ጊዮን እያለ ግቢው በከተማው ዙሪያ በዛ። የግል ኮሌጆቹ ደግሞ በየፎቁ ላይ ናቸው። ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ ጁስ ቤቱ፣ የሽሮ ቤቱ፣ ባጃጁ፣ ሁሉም የሚኖረው በተማሪ ነው። ይህን ያህል ተማሪ ለለመደች ከተማ ግን አንዲት የ18 ዓመት ልጅ የምታርፍበት ንጹሕ ክፍል ማግኘት ይህን ያህል መክበድ አልነበረበትም።

ፍለጋውን በደላላ ጀመርን። ደላላው ስልክ ላይ የሚናገረውና ቤቱ ጋ ስትደርሺ የምታዪው አይገናኝም። «ሴራሚክ ነው፣ ሻወር አለው» ይላል። ትሄጃለሽ። ሻወሩ የጋራ ነው፣ በሩ አይዘጋም። ቤቱን ሳታዪ የማሳያ ብር የሚጠይቅም አለ። እኔ ይህን አልከፈልኩም፣ ማንም እንዲከፍል አልመክርም። ቤት ተገኝቶ ውል ሲያዝ ኮሚሽን መክፈል ሌላ ነገር ነው፤ ሰውዬው ደክሟል። በር ላይ ቆሞ «መቶ ብር ስጪኝና ላሳይሽ» ሲል ግን ሌላ ሰው መፈለግ ነው።

የአከራዮቹን ጥያቄ አሁን በቃሌ ነው የማውቀው። ስንት ሆነው ነው የሚገቡት? ወንድ ይመጣባታል? ስንት ሰዓት ትገባለች? ምጣድ ትጠቀማለች? ልብስ በየስንት ቀኑ ታጥባለች? አንዳንዱ ጥያቄ ልክ ነው። የውኃና የመብራት ቆጣሪው አንድ ሆኖ ሰው ሲበዛ ክርክር ይመጣል። እንዲህ ዓይነቱን ጥያቄ በደስታ እመልሳለሁ። አንዲት ሴትዮ ግን እህቴን ከእግር እስከ ራሷ አይታ፣ እሷ እየሰማች፣ «ተማሪ እንኳ አላምንም፣ ሲመጡ ሁሉም ጨዋ ናቸው» አለችኝ። እህቴ ቀላች። ምንም ሳልመልስ እጇን ይዤ ወጣሁ። መንገድ ላይ «እኔ ምን አድርጌ ነው?» ስትለኝ ሆዴ ተንቦጫቦጨ።

ርካሽ ክፍል አለ። ይህን ለማንም እነግራለሁ። ከከተማው ዳር ዳር አዲስ በተሠሩ ሰፈሮች ውስጥ ሰርቪስ ቤቱ በዝቷል። አንዱ ከኮሌጁ አጠገብ ካየነው በወር 1,000 ብር ይቀንሳል። ብሎኬት ነው፣ ልስኑ ገና አልደረቀም፣ ፀሐይ ይገባዋል። እህቴ ወደደችው። ከዚያ ወደ ኮሌጁ ለመድረስ ሁለት ባጃጅ መያዝ አለባት። አንዱ 15 ብር ነው። ደርሶ መልስ 60 ብር። በወር ስንት ቀን ትማራለች ብለን ስናሰላ የቀነሰው ብር አልቆ ትርፍ ወጪ መጣ። ይህ ደግሞ በቀን ነው። ከመሸ በኋላ በጋራ የሚጭን ባጃጅ እዚያ ሰፈር አይደርስም። ኮንትራት ካልሽ የጠየቀሽን ነው የምትከፍዪው። አንዳንድ ቀን ጭራሽ የለም።

ስለ ማታው ብዙ አሰብኩ። ለወንድ ተማሪ ርቀት የብር ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ለሴት ተማሪ ግን ከዋናው መንገድ ወርዳ መብራት የሌለውን ኮረኮንች ብቻዋን የምትሄድበት ደቂቃ ሁሉ ይቆጠራል። ባለቤቴ አንድ ጥሩ ነገር አስተማረኝ። ክፍሉን ቀን ካየን በኋላ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተመልሰን መንገዱን በእግራችን ሄድንበት። ቀን ሰላም የመሰለው ሰፈር ማታ ሌላ ነው። ሱቁ ተዘግቷል፣ ውሻው ተለቋል፣ ሰው የለም። ያንን ክፍል በዚያ ማታ ተውነው። እህቴ አዘነች። እኔ ቆርጬ ነበር።

ውኃ ደግሞ አለ። ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለሽ ውኃ ማጣት ለእንግዳ አይገባውም። እንደ ሰፈሩ ነው፤ አንዱ ሰፈር ውኃ አይጠፋም፣ ሌላው በሳምንት አንዴ ሌሊት ይመጣል። ስለዚህ «ኪራዩ ስንት ነው?» ከማለቴ በፊት «ሮቶ አለ?» ማለት ጀመርኩ። ሮቶ ካለ፣ ለተከራይም ይከፈታል ወይ? ይህን ካልጠየቁ ችግር ነው። ሮቶ ኖሮ ቧንቧው ወደ ዋናው ቤት ብቻ የሚሄድበት ግቢ አይቻለሁ። ከሰርቪሱ ያሉት ልጆች ጀሪካን ይዘው ጎረቤት ይለምናሉ። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ሆና ነጭ ጋዋኗን በምን ታጥባለች?

ወባን አትርሱ። መስከረም፣ ጥቅምትና ኅዳር የወባ ጊዜ ነው፤ ክረምቱ ያቆረው ውኃ ገና አልደረቀም። መስኮቱ ወንፊት አለው ወይ? ከጀርባው ያቆረ ቦይ አለ ወይ? ከሐይቁ አቅራቢያ ያየናት አንዲት ክፍል ለዓይን ታምራለች፣ ከመስኮቷ ዛፉና ውኃው ይታያል። ከግድግዳዋ ሥር ግን ደንገል የበቀለበት ረግረግ አለ። አመስግነን ወጣን። ከደጋ የመጣ ልጅ ይህን አያውቅም፤ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።

በመጨረሻ ያገኘነው በደላላ አይደለም። እንጀራ የምገዛባት ሴት ናት «እህቴ ጋ አንድ ክፍል ተለቋል» ያለችኝ። ከኮሌጁ በእግር ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው፣ መንገዱም አስፋልት። ባለቤቲቱ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። ሦስት ሰርቪስ አላቸው፤ በሁለቱ ሴት ተማሪዎች ገብተዋል። እኛ አፋችንን ሳንከፍት እሳቸው ቀደሙ።

«ልጄ፣ ቀድሜ ልንገርሽ፣ ኋላ እንዳትቀየሙኝ። ውኃ ሮብና ቅዳሜ ሌሊት ነው የሚመጣው። በርሜል ያስፈልጋታል። በር በሁለት ሰዓት ይቆለፋል።»

«እትዬ፣ ነርስ ናት። ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ሆስፒታል የሌሊት ዲዩቲ ይኖራታል።»

ትንሽ አሰቡ። «የትኛው ሆስፒታል?»

«ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሊሆን ይችላል። ገና አልታወቀም።»

«በሽተኛ ስታስታምም አድራ በር ላይ ትቁም እላለሁ እንዴ? ትደውልልኝ፣ እኔ ራሴ ተነሥቼ እከፍታለሁ።»

እህቴ ከዚያ ቀን በፊት በየሄድንበት ቤት አንገቷን ደፍታ ነበር የምትቆመው። እዚህ ግን ቀና ብላ «እናመሰግናለን እማማ» አለች። እኔ ከዚያ በኋላ ሌላ ቤት ማየት አልፈለግኩም።

ውሉ ላይ ግን ጊዜ ወሰደብን። እትዬ የሦስት ወር ቅድሚያ ጠየቁ፣ ውል ግን አልፈለጉም። «ፊርማ ያስፈራኛል» አሉ። የሚፈሩት ቤቱን እንዳይነጠቁና ግብር እንዳይበዛባቸው ነው። ፍርሃታቸውን አልናቅኩትም። ብቻቸውን ልጆች ያሳደጉ፣ ኑሯቸው በዚያች ኪራይ ላይ የቆመ ሴት ናቸው። የኪራይ ገቢ ግብር እንዳለም አልደበቅኋቸውም። ልጃቸው ቅዳሜ እቤት ሲሆን አብረን ቁጭ አልን፣ አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን ከስልኬ እያነበብን። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ይሁን ይላል። ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይሁን ይላል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይብለጥ ይላል። ውሉ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ይላል። ልጃቸው አንድ ጊዜ ለራሱ፣ አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ ለእናቱ አነበበ። እናት «ታዲያ እሷም አልከፍልም ብትል ይህ ወረቀት ለእኔም ነው?» አሉ። ለእርስዎም ነው አልኳቸው። ፈረሙ። የሁለት ወር ከፈልን፣ በቴሌብር፣ ደረሰኙም ስልኬ ውስጥ አለ።

የእህቴ ነገር በዚህ ተቃና። ከአእምሮዬ ያልወጣው ግን ሌላ ልጅ ነው። አንዱን ክፍል ስናይ ከሰቆጣ የመጣ ተማሪ አብሮን ነበር። ከተማው ውስጥ ዘመድ የለውም። ለአንድ ደላላ ቀብድ ከፍሎ፣ ደላላው ስልኩን ዘግቶበታል። ሻንጣውን አንድ ምግብ ቤት አስቀምጦ በየቀኑ እየዞረ ነበር። ባለቤቴ የሥራ ባልደረባው ጋ ወሰደው፤ እዚያ ከሌላ ልጅ ጋር ተጋርቶ ገባ። ያንን ልጅ ባናገኘውስ? እኔ እዚህ ከተማ ስኖር ዓመታት ሆኖኛል፣ ሰው አውቃለሁ፣ ሰፈሩን አውቃለሁ፤ ለእኔ እንኳ እንዲህ ከከበደኝ ትናንት ከመናኸሪያ የወረደ ልጅ ምን ይሁን?

ኮሌጆቹ መፍትሔ ሊሆኑ ይችላሉ ባይ ነኝ። እኛ ስንመዘገብ ስለ ማደሪያ አንድም ቃል የነገረን ሰው የለም። በየዓመቱ የሚመረቁት ልጆች የሚለቁት ክፍል አለ። ከዚያው አካባቢ አከራዮችን አነጋግሮ፣ ስልካቸውን መዝግቦ፣ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ብዙ ብር አይፈልግም። አከራዩም ለደላላ ከመጋለጥ ይድናል። የሚመረቁ ልጆችም ክፍላቸውን ሲለቁ ለአዲስ ገቢ አሳልፈው ቢሰጡ እወዳለሁ። እህቴ ጎረቤት ያሉት ልጆች እንደዚያ ነው የገቡት፣ ከአገራቸው ልጅ ተረክበው።

ምግቡን ከእነዚያው ልጆች ጋር ተስማምታለች። አንዷ ምሳ በኮንትራት ትበላ ነበር፤ ዋጋው ሲጨምር ተወችው። አሁን ሦስቱ ሽሮና በርበሬውን ከየቤታቸው ያመጣሉ፣ እንጀራ ይገዛሉ፣ ወጡን በተራ ይሠራሉ። እትዬ ምጣድ ከለከሉ፣ አንዲት የኤሌክትሪክ ምድጃ ግን ለሦስቱም ፈቀዱ፤ መብራቱን በጋራ ይከፍላሉ። የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ለምሳ ይዘጋል አሉ፤ በዚያ ሰዓት የት እንደምታጠና ገና አልወሰንንም። እኔ ጋ እሑድ እሑድ ትመጣለች። አዲሱ የአባይ ድልድይ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መንገድ አለው፤ 380 ሜትሩን ያለ ስጋት ትሻገራለች።

ቅዳሜ ፍራሹን፣ በርሜሉንና አጎበሩን እናስገባለን። እናቴ ጤፍ በአውቶብስ ልካለች፤ ነገ መናኸሪያ ሄጄ እቀበላለሁ። ብስክሌት እንግዛላት ብለናል፣ ከተማው ሜዳ ስለሆነ ብዙ ያግዛታል። ያገለገለ ዋጋ እየጠየቅን ነው።