በዱፍ ዱፍ የተደፋው በርበሬ

ዘፋኝ ስታይሉን ቀየረ ብሎ እራት የሚዘጋ ሰው አለ ብትሉኝ ድሮ አላምንም ነበር። ሜልቦርን መጥቼ አየሁ። አብሬው እየኖርኩ ነው።

ቤቴ ፉትስክሬይ አካባቢ ነው። ለማታውቁት፣ ፉትስክሬይ የሜልቦርን ምዕራብ ነው። እንጀራውም፣ ቡናውም፣ የሀበሻ ምግብ ቤቱም እንደ ልብ የሚገኝበት ሰፈር። እንደ ልብ የማይገኘው ኪራይ ቤት ነው። ስለዚህ ከሁለት ፈረንጆች ጋር በደባልነት እኖራለሁ። አንዱ የፐርዝ ልጅ ነው። አንዷ ከታዝማኒያ የመጣች ናት። ስማቸውን አልጠራም፤ በስልካቸው እያስተረጎሙ የምጽፈውን እንደሚያነቡ እጠረጥራለሁ።

ጥሩ ልጆች ናቸው። ኪራይ በሰዓቱ ይከፍላሉ። ሽሮ ሲቀርብላቸው «ቅመሱ» እስኪባሉም አይጠብቁም። አንድ ጣጣ ብቻ አለባቸው። ሁለቱም የቴም ኢምፓላ አድናቂዎች ናቸው።

ቴም ኢምፓላ መድረክ ላይ ባንድ ነው። አልበሙን የሚሠራው ግን ኬቨን ፓርከር የሚባል አንድ ሰው ነው። ፐርዝ ያደገ። ድራሙንም፣ ቤዙንም፣ ጊታሩንም፣ ሲንቴሳይዘሩንም ራሱ ይጫወታል፤ ራሱ ይዘፍናል። በ2010 እና በ2012 የወጡት አልበሞቹ ጊታር የጠገቡ ነበሩ። በ2015 «ከረንትስ» የሚባለው መጣና ጊታሩ ወደ ኋላ ሄደ፣ ሲንቴሳይዘሩ ወደ ፊት ወጣ። ያኔም አድናቂው ለሁለት ተከፍሎ ነበር። «ልጃችን ጠፋ» ያለ ነበረ። ከዚያ ሪሃና ከዚያው አልበም አንዱን ዘፈን ወስዳ በ2016 በራሷ አልበም ላይ ተጫወተችው። ትሪፕል ጄ የሚባለው የአውስትራሊያ ሬዲዮ ደግሞ በ2020 የአሥር ዓመቱን ምርጥ ዘፈኖች አድማጮቹን ሲያስመርጥ፣ አንደኛ የወጣው ከዚሁ «ጠፋ» ከተባለበት አልበም ነው።

ይህን ሁሉ ከየት አመጣኸው አትበሉኝ። ሦስት ሰው በአንድ ኩሽና ሲኖር ሳይጠይቁ ይማራሉ።

ደግሞ ለዚህ ጭቅጭቅ እንግዳ አይደለሁም። አዲስ አበባ ያለው አጎቴ «ኪቦርድ መጥቶ ሙዚቃችንን ገደለው» ማለቱን እስከ ዛሬ አልተወም። እነዚያ ሳክስፎንና ትራምፔት የሞላባቸው ባንዶች ቀርተው፣ አንድ ሰው ሁሉንም በጣቱ መጫን ሲጀምር የያዘው ሐዘን አልወጣለትም። ሰርግ ላይ ኪቦርድ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ጠጁ ሲሞቀው ግን እስክስታውን በዚያው ኪቦርድ ይመታዋል። ጠዋት ስትነግሩት ይክዳል።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። አዲሱ አልበም «ዴድቢት» ይባላል። የወጣው ኦክቶበር 17 ቀን 2025 ነው፤ በእኛ ጥቅምት 7 ቀን 2018። ያለፈው አልበም ከወጣ 5 ዓመት አልፎታል። እኔ በ5 ዓመት ውስጥ አገር ቀይሬያለሁ። እነሱ ጠብቀዋል።

ነገሩ መሞቅ የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። ከአልበሙ መጀመሪያ የተለቀቀው ዘፈን ከ7 ደቂቃ በላይ የሚሄድ የጭፈራ ሙዚቃ ነበር። የፐርዙ ልጅ በደስታ አበደ። በአውስትራሊያ ሰው ጫካ ገብቶ፣ ስፒከር ደርድሮ፣ እስኪነጋ የሚጨፍርበት «ቡሽ ዱፍ» የሚሉት ነገር አለ። አልበሙ ከዚያ መንፈስ እንደመጣ ተነግሯል። የፐርዙ ልጅም በወጣትነቱ እዚያ ጫካ ያሳለፈውን እያነሳ ይተርክልናል። ስንት ጫማ እንደጠፋው ሳይቀር።

የታዝማኒያዋ ግን ዝም አለች። ዝምታዋ አስፈራኝ።

ሌላ ዘፈን ወጣ። ክሊፑ ላይ ጆ ኪሪ የሚባለው ተዋናይ አለ። ፀጉሩ ከፓርከር ፀጉር ጋር አንድ ዓይነት ነው። «ይሄ ሰውዬ ትወናም ይችላል እንዴ?» ብዬ ጠየቅኩ። ሁለቱም እኩል አኮረፉኝ። «ድራኩላ» የሚለው ሲወጣ ግን ቤታችን ሰላም ወረደ። ሁለቱም ወደዱት። እቃ እያጠቡ ሳይቀር ዘፈኑት፤ እቃ መታጠቡ በራሱ ዜና ነው።

አልበም የሚወጣው አርብ ሲብት፣ እኩለ ሌሊት ላይ ነው። እዚህ ያለ ቀንደኛ አድናቂ ግን እኩለ ሌሊትን አይጠብቅም። ኒውዚላንድ ከሜልቦርን 2 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ ስልኩን «ኒውዚላንድ ነኝ» ብሎ ይዋሻል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ አልበሙ ይከፈትለታል። አሁን ችግሩን ተመልከቱ። ሜልቦርን ባለችበት በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ደንብ፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ለጎረቤት የሚሰማ ሙዚቃ የሚከለከለውም ልክ ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ነው። ቀኑ ሐሙስ ነው። እኔ ደግሞ ሥራ የምገባው ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል።

ሐሙስ ማታ ቤታችን በሰው ተሞላ። የፐርዙ ልጅ ከጓደኛው ወገቤ የሚደርስ የቤዝ ስፒከር ተውሶ መጣ። ሳሎኑን ከኩሽናው ከሚለየው ስስ ግድግዳ ጋር አስጠግቶ አቆመው። በግድግዳው ማዶ የኩሽናው መደርደሪያ አለ። መደርደሪያው አናት ላይ የእናቴ በርበሬ ያለበት ቆርቆሮ አለ።

ይህ በርበሬ ተራ በርበሬ አይደለም። እናቴ ራሷ መርጣ፣ ቀንጥሳ፣ አድርቃ፣ ከነቅመሙ አስፈጭታ የላከችው ነው። የያዘው ዘመድ ሜልቦርን ኤርፖርት ላይ «ቅመም ይዣለሁ» ብሎ አስመዝግቧል። ፈታሿ ከፍታ አሽትታ፣ ደጋግማ አስነጥሳ፣ በአክብሮት መልሳ ከድናዋለች። ያን ቀን የክዳኑ ነገር ተበላሸ። ከዚያ ወዲህ ገጥሞ አያውቅም።

4 ሰዓት ሆነ። መብራት ተቀነሰ። እኔ ተኝቻለሁ፤ ማለትም አልጋ ላይ ነኝ። የመጀመሪያው ዘፈን ጀመረ። ስልክ ላይ የተቀዳ የሚመስል ፒያኖና የሰውየው ድምፅ። የታዝማኒያዋ «ኦው» ስትል በበሩ በኩል ሰማኋት። ከዚያ ድራሙ ገባ።

ዱፍ። ዱፍ። ዱፍ። ዱፍ።

«ጊታሩስ?» አለች።

«ይመጣል፣ ታገሺ» አላት አንዱ እንግዳ።

አልበሙ 12 ዘፈን ነው፤ አንድ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የቀረው። «ድራኩላ» ላይ ትንሽ ሳቅ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ እንግዳው በሁለት ተከፈለ። የወደደው ሳሎን ቀረ፣ ያልወደደው ኩሽና ገባ። ኩሽናዎች «ይሄ ያላለቀ ሥራ ነው፣ ዴሞ ነው የለቀቀብን» ይላሉ። ሳሎኖች «ሰውየው ነፃ ወጥቶ ነው፤ በ2015ም እንዲህ ብላችሁ ነበር» ብለው ይመልሳሉ። ሳሎን ይጨፈራል። ኩሽና ይታማል። ልብ ብዬ ሳዳምጥ ግን የገባኝ ነገር፣ ሁሉም የሚያዝኑት ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው ለሰሙት አልበም ነው። አንዱ ሁሉ ነገር ያበቃው በ2012 ነው ይላል። ሌላዋ በ2020 ነው ትላለች። ዕድሜያቸውን ሳልጠይቅ አወቅኩት።

እንቅልፍ እንደማይመጣ ሲገባኝ ጋቢዬን ለብሼ ውኃ ልጠጣ ወጣሁ። ይቺን ውኃ ባልጠጣት ምን ነበረበት!

«እሱ ይፍረድ!» አለ የፐርዙ ልጅ። «እሱ ገለልተኛ ነው!»

ሁለቱም ወገን ከበቡኝ። ጋቢው ነው መሰለኝ ያሳታቸው፤ ሽማግሌ አስመሰለኝ። እኔም ያገሬን ወግ ላሳያቸው ብዬ «ሁለታችሁም እውነት አላችሁ» አልኩ። ሁለቱም ጮኹብኝ። «እንግዲያው ቀጠሮ ልስጣችሁ፤ እኛ ዘንድ በአንድ ሌሊት አይፈረድም» አልኩ። አልሰሙኝም። የፐርዙ ልጅ «ይሄን አንድ ብቻ ስማና ፍረድ» ብሎ ከአልበሙ ጭፈራው የበዛበትን፣ ያንን ረጅም ቴክኖ ከፈተው። ድምፁንም ሰቀለው።

ኩሽና ቆሜ አዳመጥኩ። እውነት ለመናገር አልከፋኝም። እግሬ ትንሽ ተንቀሳቅሷል። ከዚያ ቀና ስል ቆርቆሮውን አየሁት።

እየተራመደ ነው። በእያንዳንዱ ዱፍ ትንሽ ወደ ጫፍ ይጠጋል። ዱፍ፣ ፈቀቅ። ዱፍ፣ ፈቀቅ። በእንግሊዝኛ ምን ብዬ እንደምጮህ ጠፋኝ። «ኧረ ቆርቆሮው! ያዙት! በማርያም!» ብዬ እጄን ወደ ላይ ሰቅዬ ጮህኩ።

ሳሎኖች ሙዚቃው የነካኝ መሰላቸው። አጨበጨቡልኝ። አንዱ እጁን ሰቅሎ አብሮኝ «በማርያም!» አለ።

ቆርቆሮው ወደቀ። ወለል ላይ ቢወድቅ ምንም አልነበረም። ኩሽናው በሰው ስለሞቀ የታዝማኒያዋ ማራገቢያ ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አቁማዋለች። ክዳኑ አንድ ቦታ ሄደ፣ በርበሬው ማራገቢያው ላይ። ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተው ሳሉት። አየሩ ቀላ። በሳሎኑ በር በኩል አልፎ ነጣ ያለው ምንጣፍ ላይ ዘነበ። ሰው ሁሉ ማስነጠስ፣ መሳል፣ ዓይን ማሸት። በዚያ እጅ ዓይን ማሸት ደግሞ ምን እንደሚያመጣ የሚያውቅ ከእኔ በቀር አልነበረም። ሳሎንም ኩሽናም አብሮ አለቀሰ። በዚያ ምሽት የተስማሙበት ብቸኛ ነገር እሱ ነው።

ዱፍ ዱፉ አልቆመም።

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን እማማ ናቸው፤ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው የቀሩ የአዲስ አበባ ሰው። የሌሊት ልብሳቸው ላይ ነጠላ ጣል አድርገዋል። ሊቆጡ እንደመጡ ከአስተያየታቸው ያስታውቃል። ገብተው ግን ያ ሁሉ ወጣት ሲያለቅስ ሲያዩ ቁጣው ከፊታቸው ጠፋ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን ያዙ።

«ውይ! ውይ ልጆቼን! ማን ሞተባችሁ?»

«ኧረ እማማ፣ ሰው አልሞተም» አልኩ እያስነጠስኩ። «አልበም ወጥቶ ነው።»

«ምን ወጥቶ?»

«ዘፈን። ዘፋኙ ጊታር ትቶብን ነው... ማለቴ ትቶባቸው።»

ሁሉንም በየተራ አዩ። የታዝማኒያዋ ዓይኗ አብጦ ተቀምጣለች። እማማ አጠገቧ ተቀምጠው ጀርባዋን እያሻሹ «እስቲ ይሄን ሰውዬ አሳየኝ» አሉኝ። በስልክ የአልበሙን ሽፋን አሳየኋቸው። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው፤ ፓርከር ትንሿን ልጁን አቅፎ። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ልጁ ናት?»

«አዎ።»

«ሥራውን ብቻውን ነው የሚሠራው አላልክም?»

«ብቻውን ነው።»

«ታዲያ ልጅ ታቅፎ ጊታሩን በየትኛው እጁ ይያዘው?»

ተረጎምኩላቸው። አንድ ሰው ሙዚቃውን አጠፋው። የታዝማኒያዋ መጀመሪያ አፏን ከፈተች፣ ከዚያ አስነጠሰች፣ ከዚያ መሳቅ ጀመረች። የፐርዙ ልጅ እማማን እጅ ሊነሳ ሲጎነበስ «በዚህ እጅህ አትንካኝ» አሉት።

ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። እማማ ግን ሲነሱ ጠረጴዛውን አዩ። በጣታቸው ጫፍ ቆንጠር አድርገው ቀመሱ።

«ይሄ የማን በርበሬ ነው?»

«የእናቴ።»

«ከአገር ቤት የመጣ?»

«ከአገር ቤት።»

«ወይኔ ልጄን!» አሉና እውነተኛው ለቅሶ ያኔ ተጀመረ። ለአልበሙ ያላዘኑትን ለበርበሬው አዘኑ። ፈረንጆቹን በሙሉ አሰልፈው ጠረጴዛው ላይ ያለውን በወረቀት አስጠረጉ፣ ለእኔ ወንፊት አስያዙኝ። እኩለ ሌሊት ሲሆን፣ ማለትም አልበሙ እዚህ አገር በሕጋዊ መንገድ ሲወጣ፣ እኛ በርበሬ እየነፋን ነበር።

ሥራ ስገባ ዓይኔ ደም መስሏል። አለቃዬ «ምነው፣ ችግር አለ?» አለኝ። ማስረዳት ከባድ ስለሆነ «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» አልኩት።

ምንጣፉ ግን አልለቀቀም። መጥረጊያ ማሽኑ ጠጥቶት ይኸው እስከ ዛሬ ስናበራው ቤቱን ወጥ ወጥ ያሸተዋል። ያንሰን ብሎ፣ ለቤት ፍተሻ የሚመጣው የአከራዩ ወኪል ቀጠሮ ደርሶ ነበር። ቅጹንና ካሜራውን ይዞ ገባ። ሳሎን ደርሶ ቆመ። ቀዩን አየ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

እኔ የማስያዣ ገንዘባችን ሲሄድ ታየኝ። የታዝማኒያዋ፣ መዋሸት የማትችል ፍጡር፣ «በአዲሱ የቴም ኢምፓላ አልበም ምክንያት ነው» አለችው።

ሰውዬው ብዕሩን ከቅጹ አነሳ። ሶፋው ላይ ተቀመጠ።

«እናንተ ግን» አለ፣ «ጊታሩ የት የገባ ይመስላችኋል?»

የፐርዙ ልጅ ከክፍሉ ወጣ። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። እኔ ቡና አፈላሁ። ሰውዬው 2012 ላይ ደርሶ ድምፁ ተቆራረጠ። ሲሄድ ምንጣፉን አልመዘገበም። ስንት ጊዜ የጮህንበትን የሚያንጠባጥበውን የመታጠቢያ ቤት ቧንቧም አልመዘገበም።