የሰፈራችን የልጆች ሊግ የቆመው በማን ጉልበት ነው?

የጀመርነው የዛሬ ሦስት ዓመት ክረምት ነው። ትምህርት ተዘግቷል። የጀሞ ኮንዶሚኒየም ልጆች ከጠዋት እስከ ማታ በብሎኮቹ መሃል ኳስ ይጫወታሉ። የመኪና መስታወት ይሰበራል፣ ጎረቤትና ጎረቤት ይጣላል። ሦስት ጓደኛሞች ሆነን «ለምን በወግ በወጉ አናጫውታቸውም?» አልን። 8 ቡድን አዋቀርን፣ በየቡድኑ 14 ልጅ፣ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 12። የሜዳ ፈቃድ አወጣን፣ ለማልያ ከወላጅ አዋጣን፣ ዋንጫም ገዛን። ያላዘጋጀነው ሰው ብቻ ነበር።

ዳኛችን ከእኛ ሌላ አንድ ወጣት ነበር። ኮርስ ወስዷል፣ ሕጉን ያውቃል፣ ልጆቹም ይወዱታል። ስለሚችል ሁሉንም ጨዋታ ለእሱ ሰጠነው። በሦስተኛው ቅዳሜ ሲዘንብ አድሮ ሜዳው ጭቃ ሆኗል፣ ኖራው ታጥቧል፣ መስመሩ አይታይም። ልጁ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ አጫውቷል። ውሃ እንኳ ያቀበለው ሰው የለም። በአራተኛው ላይ «ኳሷ ወጥታለች፣ አልወጣችም» የሚል ክርክር ተነሳ። አንድ አባት ሜዳ ገብቶ ሰደበው፣ ደረቱን ገፋው። እኛ ቆመን አየን። ዳኛው ምንም አልመለሰም። ፊሽካውን ከአንገቱ አውጥቶ አግዳሚው ላይ አስቀመጠና ሄደ። ከዚያ በኋላ ስልኩን አላነሳልንም።

ፊሽካውን እኔ አነሳሁት። ከሚጫወቱት ቡድኖች በአንዱ ውስጥ የራሴ ልጅ አለ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ለልጄ ቡድን ፍፁም ቅጣት ምት ሰጠሁ። «ልጁ ስላለበት ነው!» የሚል ድምፅ ከዳር መጣ። ውሳኔዬ ትክክል እንደነበር ዛሬም አምናለሁ። ግን የሰውየውም ጥርጣሬ ትክክል ነበር። አባት በልጁ ጨዋታ ላይ ዳኛ መሆን የለበትም። ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው የሆንኩት። ያን ማታ ልጄ «አባ፣ ሁለተኛ አታጫውት» አለኝ። እስካሁን አልረሳሁትም።

ለሁለተኛው ክረምት መጀመሪያ የያዝኩት ወረቀትና እስክሪብቶ ነው። 8 ቡድን አንድ አንድ ጊዜ ሲገናኝ 28 ጨዋታ ይሆናል። ቅዳሜ ቅዳሜ 4 ጨዋታ ብናደርግ በ7 ሳምንት ያልቃል፣ ለዝናብ አንድ ቅዳሜ ይተርፈናል። ለአንድ ጨዋታ አንድ የመሃልና ሁለት የመስመር ዳኛ ያስፈልጋል። 28 በ3 ሲባዛ 84። ይህ የዳኝነቱ ተራ ብቻ ነው። ሦስት ሰው ቢካፈለው ለእያንዳንዱ 28 ይደርሰዋል። አሥራ ሁለት ሰው ከተካፈለው ግን 7 ነው። በክረምት ውስጥ 7 ጨዋታ ደግሞ ማንም ይችላል።

ታዲያ አሥራ ሁለት ሰው ከየት ይምጣ? የሰፈሩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «በጎ ፈቃደኛ የሆናችሁ አሳውቁን» ብዬ ለጠፍኩ። የልብ ምልክት የሰጠው ብዙ ነው፣ የመጣው ሁለት ሰው። በሰፈራችን ሰው ተናደድኩ፣ እውነቴን ነው። በኋላ ሲገባኝ ጥፋቱ የእኔ ነበር። ለሁሉም የተባለ ነገር ለማንም አልተባለም። ከዚያ በር ማንኳኳት ጀመርኩ። «ታግዙናላችሁ?» ማለቱን ተውኩት። «ጋሼ፣ የፊታችን ቅዳሜ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ነጥብ ይመዘግቡልናል?» ስል እምቢ ያለኝ ሰው ጥቂት ነው። ሰው የሚፈራው ሥራውን ሳይሆን መጨረሻው የማይታወቅ ሥራን ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ሥራውን ቆርጠህ ስትነግረው ይመጣል። ባይመች የሚተካው ሰው እንዳለ ካወቀ ደግሞ ይቆያል። ለተጫዋች ተቀያሪ አዘጋጅተን ለሚያግዘን ሰው አለማዘጋጀታችን ትልቁ ስህተታችን ነበር።

በዚህ መሃል የሄደውን ዳኛ ማግኘት ነበረብን። ስልክ ስለማያነሳ ሽማግሌ ላክን። ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር አሉን፣ እሳቸውና ሁለት እናቶች ቤቱ ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠየቁት። እኔም ከኋላ ነበርኩ። «የሰደበኝ ሰውዬ አይደለም ያስከፋኝ» አለ። «እናንተ ዝም ማለታችሁ ነው።» ምን ይመለሳል? ዝም አልን። ሻይ ጠጥተን ስንነሳ አንድ ነገር ጠየቀ፤ ወላጅ ከመስመር ካለፈ ጨዋታው ይቁም።

ስለዚህ ከሜዳው መስመር ሦስት ሜትር ወደ ውጭ ሌላ የኖራ መስመር አሰመርን። ወላጅ ከእሷ ወዲህ አያልፍም። መስመሯን የሚጠብቁት ከሽማግሌዎቹ አንዷ የነበሩ እናት ናቸው። እትዬ እንላቸዋለን። ጥቁር ጃንጥላቸውን ይዘው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ድምፁን ከፍ ያደረገ ሰው ካለ አጠገቡ ሄደው ይቆማሉ። «የኔ ልጅ፣ ልጆቹ እየሰሙህ ነው» ይሉታል፣ በቃ። በሁለት ክረምት አንድም ጨዋታ አልቆመም። ከሁሉም ሥራ የእሳቸውን የሚያህል አላየሁም።

የጨዋታው ሕግ ራሱ ለታዳጊዎች የሜዳውን ስፋትና ሰዓቱን ለመቀነስ፣ የወጣውንም ልጅ መልሶ ለማስገባት ይፈቅዳል። እኛም 9 ለ 9፣ 25 25 ደቂቃ፣ በ4 ቁጥር ኳስ እናጫውታለን። ሎስ አንጀለስ ያለው ወንድሜ ልጆቹን የሚያጫውተው እ.ኤ.አ. በ1964 እዚያው ካሊፎርኒያ በተመሠረተው የአሜሪካ ወጣቶች እግር ኳስ ድርጅት ነው። አሰልጣኙም ዳኛውም በአብዛኛው በነፃ የሚያገለግል ወላጅ ነው። እዚያ ማንኛውም ልጅ ቢያንስ የጨዋታውን ግማሽ ይሰለፋል አለኝ። ይህን ሕግ ወሰድነው። በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ሜዳ ላይ ግን አሰልጣኝ ማሸነፍ ይፈልጋል፣ ደካማውን ልጅ ይረሳዋል። ሕጉ የሠራው ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጠረጴዛ ይዘው የ28ቱንም ልጅ ደቂቃ መመዝገብ ሲጀምሩ ነው። «7 ቁጥር እስካሁን አልገባም» ብለው ለአሰልጣኙ ይነግሩታል። ፍትሕ ከፈለግህ እስክሪብቶ የያዘ ሰው ያስፈልግሃል።

ባለፈው ነሐሴ ሁለት ልጆች ለኳስ ዘለው ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጩ። አንደኛው ወዲያው ተነሳ። «ደህና ነኝ» አለ፣ አሰልጣኙም ሊያስገባው ነው። አንዲት ነርስ አለችን፣ ከማታ ተረኝነቷ ሳትተኛ ነው የመጣችው። ልጁን አግዳሚው ላይ አስቀምጣ ዓይን ዓይኑን እያየች «ስንት ለስንት ናችሁ?» አለችው። ዝም አለ። «ከማን ጋር ነው የምትጫወቱት?» አሁንም ዝም። ትንሽ ቆይቶ አስመለሰው። ከእናቱ ጋር ታክሲ ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ደግነቱ ዳነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሱን ተመትቶ የሚያጠራጥር ልጅ በዕለቱ አይመለስም። የመጨረሻው ቃል የነርሷ ነው፣ የአሰልጣኙ አይደለም። እሷ ባትኖር ያ ልጅ ተመልሶ ይገባ ነበር። ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል።

ሌላም የተማርነው አለ። በነፃ ማገልገል ማለት ከኪስ ማውጣት ማለት አይደለም። የታክሲና የቁርስ ሂሳብ ከመዋጮው እንሸፍናለን፤ ለዚህ ስንል ዋንጫውን በትንሽ ዋንጫ ቀየርነው፣ ልጆቹም ቅር አላላቸውም። ድንኳንና አግዳሚ እድሩ ያውሰናል፣ ለቅሶ ከሌለ። ለሚያግዘን ሰው ሁሉ የመታወቂያ ኮፒና አንድ ተያዥ እንጠይቃለን። ከልጅ ጋር ብቻውን የሚሆን አዋቂ የለም፣ ሁልጊዜ ሁለት ነው። አንዳንዱ ተቀይሟል። ይቀየም። በአደራ የተሰጠን የሌላ ሰው ልጅ ነው።

የመስመር ዳኞቻችን አብዛኞቹ 16 እና 17 ዓመት ናቸው። የስፖርት መምህሩ ሁለት ቅዳሜ አሠለጠኗቸው። ባንዲራቸው የመጥረጊያ እንጨት ላይ የተሰፋ ቀይ ጨርቅ ነው። አሁን ደግሞ በመጀመሪያው ክረምት ሲጫወት የነበረ አንድ ልጅ ዕድሜው አልፎበት መጣና «ባንዲራ ስጡኝ» አለኝ። ያን ቀን ዳኛው ሲገፋ ሜዳ ውስጥ ነበር። ከዳኛው ጋር መደብኩት።

ለዘንድሮ ክረምት ከ84ቱ ተራ 73 ተሞልቷል። 11 ይቀረኛል። ነገ ማታ ብሎክ 40 ሦስተኛ ፎቅ ያሉትን ባልና ሚስት አናግራለሁ።