«የፈጣሪ ፈቃድ ነው» ያልኩበት ሌሊት

በሥራ ዘመኔ አንድ ጊዜ ብቻ የክስ ደብዳቤ ተጽፎብኛል። መድኃኒት አሳስቼ አይደለም። ታካሚ ጥዬም አልተኛሁም። የተከሰስኩት በሦስት ቃል ነው።

ነርስ ነኝ። የምሠራው ፅኑ ሕሙማን ክፍል ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት። እዚያ ክፍል የፈጣሪ ስም የማይነሳበት ሺፍት የለም ማለት ይቻላል። አንዱ ያመሰግነዋል፣ አንዱ ይለምነዋል፣ አንዱ ይጣላዋል፣ አንዱ ደግሞ ስሙ ሲነሳ ፊቱን ያዞራል። ይህን ሁሉ ለዓመታት ሳይ ስለኖርኩ ሰው ለምን እንደሚያምንና ለምን እንደማያምን የገባኝ መስሎኝ ነበር። ሒሳቤ ቀላል ነበር፤ የዳነለት ያምናል፣ የሞተበት ይክዳል። አለቀ።

ሌሊቱ እንዲህ ነበር። ሁለት አልጋዎች ጎን ለጎን። አንደኛው ላይ አንድ ወጣት፣ ሁለተኛው ላይ አንዲት ጠና ያሉ እናት። የሁለቱም ሕመም ተቀራራቢ ነው፤ ሳንባ ላይ የጀመረ ኢንፌክሽን ወደ ደም ገብቶ ሰውነታቸውን አዳክሞታል። ሁለቱም መተንፈሻ ማሽን ላይ ናቸው። ኮሪደሩ ላይ የልጁ አባትና የሴትዮዋ ባለቤት አንድ አግዳሚ ወንበር ተጋርተው ተቀምጠዋል። ሁለቱም ሲጸልዩ አይቻለሁ።

እኩለ ሌሊት አለፍ እንዳለ የልጁ ልብ ቆመ። ደረቱን መጫን ጀመርኩ። ላላየው ሰው ቀላል ሥራ ይመስላል። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ክንድህ ይከዳሃል፣ ሌላ ሰው ይተካሃል፣ ሞኒተሩ ይታያል፣ አድሬናሊን ይገፋል፣ እንደገና ትጀምራለህ። በዚያ መሃል ቀና ስል አንጋፋዋ ሲስተር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አጥባቂ አማኝ መሆኗን ሁላችንም እናውቃለን። እየጸለየች ነው ብዬ ልቤ ተነካ። በኋላ ስጠይቃት «ምን ጸሎት? እየቆጠርኩልህ ነበር እንጂ! ሲደክምህ እኮ ትፈጥናለህ» አለችኝ።

ከሃያ ደቂቃ በላይ ቆይቶ የልጁ ልብ ተመለሰ። አባትየው ሲነገረው እዚያው ኮሪደሩ ላይ ተንበርክኮ አለቀሰ።

ሊነጋጋ ሲል የሴትዮዋ ልብ ቆመ። ያው ቡድን ነው። ያው መድኃኒት፣ ያው እጅ። እንዲያውም ከልጁ በላይ ረጅም ጊዜ ሞከርን። አልተመለሱም።

ዶክተሩ ለባለቤታቸው ነግሮ ወደ ሌላ ታካሚ ተጠራ። እኔና ሰውየው ብቻችንን ቀረን። አያለቅሱም። አይጠይቁም። ግድግዳውን እያዩ ቆመዋል። ሥራው ላይ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ያን ዝምታ መሸከም ደረት ከመጫን ይብሳል። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። ነበረብኝ መሰለኝ። «አይዞዎት፣ የፈጣሪ ፈቃድ ነው» አልኳቸው።

ዞረው አዩኝ። ከዚያ በትከሻዬ ላይ አሻግረው አሁንም በደስታ የሚያለቅሰውን አባት አዩ።

«ያኛውስ የማን ፈቃድ ነው?» አሉኝ። «አንተ ነህ የምታከፋፍለው?»

መልስ አልነበረኝም። ትከሻዬን ገፋ አድርገው አለፉ።

ከሦስት ቀን በኋላ የክፍሉ ኃላፊ ቢሮዋ ጠራችኝ። ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ነው። እኔም እንደማንኛውም ተከሳሽ መከላከል ጀመርኩ፤ «ሰውየው አማኝ አይመስሉኝም፣ ለዚያ ነው የከፋቸው። እኔ ለማጽናናት ነው...»። አላስጨረሰችኝም። ደብዳቤውን ወደ እኔ ገፋችው።

ሰውየው ለሠላሳ ዓመት ያህል የሃይማኖት አስተማሪ ናቸው። ሥራቸው ያዘነ ሰው አጠገብ መቀመጥ ነው። ያቺን ዓረፍተ ነገር እሳቸውም ቁጥር ለሌለው ሰው ብለዋት እንደነበር ጽፈዋል። ከሌላ ሰው አፍ ሲሰሟት ግን ለእሳቸው እንዳልተነገረች ገባቸው። የተነገረችው ተናጋሪው ዝምታውን እንዲያመልጥ ነው። እንድቀጣ አልጠየቁም። አጠገባቸው ቁጭ ብል ይበቃቸው እንደነበር እንዲነገረኝ ነው የጠየቁት።

እና እኔ እኚህን ሰው ነው ከሓዲ ያደረግኳቸው። በአንድ የቁጣ ዓረፍተ ነገር።

የዚያን ሌሊት ሻይ ክፍል ውስጥ ለሲስተርና ለዶክተሩ ነገርኳቸው። ዶክተሩ ወጣት ነው፣ እንደማያምን ክፍሉ በሙሉ ያውቃል፣ እሱም አይደብቅም። ሳቅ ይከተላል ብዬ ጠብቄ ነበር። ዝም አለ። ከዚያ ከዚህ በፊት ነግሮኝ የማያውቀውን ነገረኝ። ልጅ ሳለ እሱና ታናሽ ወንድሙ በአንድ ሳምንት ታመሙ። እሱ ዳነ፣ ወንድሙ ሞተ። ለልቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ አልጋው አጠገብ እየቆመ አንተን እንኳ ያተረፈልን ፈጣሪ ይመስገን ይላል። «ተኝቼ እሰማለሁ» አለ። «እኔን መርጦ ወንድሜን የተወ ካለ፣ ላመሰግነው አልችልም። ከሌለ ግን ማንም አልተመረጠም፣ ማንም አልተተወም። በዚያ ነው መተኛት የቻልኩት።»

ልብ በሉ፤ ይህ ሰው የዳነው ነው። በእኔ ሒሳብ ማመን ያለበት እሱ ነበር።

ሲስተር ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «የኔ ግልባጩ ነው» አለች። ልጇ ሞታባታለች። ይህን እናውቅ ነበር። የማናውቀው እምነቷ ከዚያ በኋላ መምጣቱን ነው። ከዚያ በፊት ስሙ ብቻ ነበራት። ልጇ ስትሞት ሰው ሁሉ ወይ ሸሻት ወይ መከራት። የምትነግረው ሰው ስታጣ ለእሱ መንገር ጀመረች። «መለሰልሽ ወይ ብትለኝ አላውቅም» አለችኝ። «ግን አቋርጦኝ አያውቅም።»

ዶክተሩ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ወደተለመደው ሙግታቸው ገቡ፣ ደግነቱ በዚህ ይተዋወቃሉ። እሱ ያቺን የሚወዳትን የጸሎት ጥናት አነሳ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመች ናት። በአሜሪካ 6 ሆስፒታሎች የልብ ባይፓስ ቀዶ ጥገና የሚደረግላቸው 1,802 ታካሚዎች በሦስት ተከፈሉ። ሁለቱ ቡድኖች ይጸለይላቸው አይጸለይላቸው አያውቁም፤ ለአንዱ ተጸልዮለታል፣ ለሌላው አልተጸለየም። ሦስተኛው ግን እንደሚጸለይለት በግልጽ ተነግሮታል። ባላወቁት ላይ ጸሎቱ ለውጥ አላመጣም፤ ከተጸለየላቸው 52 በመቶው፣ ካልተጸለየላቸው 51 በመቶው ላይ የጤና ችግር ተከተለ። እንደሚጸለይላቸው ካወቁት ላይ ደግሞ 59 በመቶው።

«ታዲያ ጸሎት በሚሊግራም የሚታዘዝ መስሏቸው ነው?» አለች ሲስተር። «ደግሞ የገዛ ዘመዶቻቸው ይጸልዩላቸው አይጸልዩላቸው ማን ይቆጣጠራል?» ሁለተኛው ጥያቄዋ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አጥኚዎቹም ያንን መቆጣጠር እንደማይቻል ያውቁ ነበር።

እኔ ግን ሌላ ነገር ጠየቅኩ። «ዶክ፣ ይቺ ጥናት ሌላ ውጤት ብታመጣ ኖሮ ታምን ነበር?» አሰበ። ሐቀኛ ሰው ነው። «አይመስለኝም። ሳነባት ማመን ካቆምኩ ቆይቼ ነበር።» ወደ ሲስተር ዞርኩ። «አንቺስ፣ ውጤቷን ስትሰሚ ምን ቀነሰብሽ?» «ምንም» አለች። ሁለት አዋቂ ሰዎች ለዓመታት የሚከራከሩበት ማስረጃ ሁለቱንም ወደ ቆሙበት አላመጣቸውም። ማስረጃው በኋላ የተሰቀለ መጋረጃ ነው። ቤቱ ቀድሞ ተሠርቷል።

ከዚያ በኋላ በዕረፍት ቀኖቼ የሌሎችን ሰዎች ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ፣ እንደ ታካሚ ካርድ። ክርክራቸውን ትቼ ምን እንደደረሰባቸው ነው የማየው።

ለምሳሌ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፓስካል። በውርርዱ ነው የምናውቀው፤ ፈጣሪ ካለና ካመንክ ሁሉን ታተርፋለህ፣ ከሌለ ብዙም አትከስርም የሚለው። የሒሳብ ሰው ስለሆነ በሒሳብ ያመነ ይመስላል። እሱ ራሱ ግን በዚያ መንገድ አልመጣም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1654፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ድረስ አንድ ነገር ደረሰበት። «እሳት» ብሎ ጻፈው፤ የፈላስፎች አምላክ እንዳልሆነም ጨመረበት። ጽሑፉን ኮቱ ውስጥ ሰፍቶ ይዞት ዞረ። የተገኘው በ1662 ከሞተ በኋላ ነው። ለሌላው ሰው ውርርዱን አቀረበ፣ ለራሱ የያዘው ግን በኮቱ ገበር ውስጥ ያለውን ነበር።

የዝግመተ ለውጡን ሳይንቲስት ዳርዊንን ደግሞ እዩት። ልጁ አኒ በ1851 በ10 ዓመቷ ሞተች፣ ብዙ ሰው እምነቱን የጨረሰችው እሷ ናት ብሎ ይተርካል። እኔም ብሆን እንዲያ እል ነበር፤ ከሒሳቤ ጋር ይገጥማላ። እሱ በግለ ታሪኩ የተወው ግን ሌላ ነው። አለማመኑ በጣም በዝግታ ስለመጣበት ሲመጣ ጭንቀት እንኳ አልተሰማውም። በ1879 በጻፈው ደብዳቤም ፈጣሪ የለም ብዬ ክጄ አላውቅም፣ የሚገልጸኝ አግኖስቲክ (ፈጣሪ ይኑር አይኑር ማወቅ አይቻልም የሚል ሰው) የሚለው ቃል ነው አለ። የሚተርክለት ሰው አንዲት ሌሊት ይፈልግለታል፣ እሱ የሚያስታውሰው ግን ዓመታትን ነው።

ሰፋ አድርገን በአገር ደረጃ ስናየውም መልኩ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1755 የፖርቱጋሏን ሊዝበን ያፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የመጣው በቅዱሳን ሁሉ በዓል ቀን ሲሆን፣ ፈረንሳዊውን ጸሐፊና ፈላስፋ ቮልቴርን የመሰለ ሰው «ሁሉ ነገር ለበጎ ነው» በሚሉት ላይ ተነሳ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ የኒውዚላንድን ክራይስትቸርች መንቀጥቀጥ መትቶ 185 ሰው ገደለ። እዚያ ተመራማሪዎች ከአደጋው በፊት የጀመሩት ጥናት ስለነበራቸው በፊትና በኋላ ማነጻጸር ቻሉ። በአገሪቱ የሃይማኖተኛው ቁጥር እየቀነሰ ሳለ፣ አደጋው በቀጥታ ከነካቸው መካከል ግን በጥቂቱ ጨመረ። ምድር ያው ምድር ናት፣ መንቀጥቀጡም ያው መንቀጥቀጥ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ሰው ወዲያው ይዘላል። ዶክተሩ በወንድሙ ምክንያት ማመን አቆመ ማለት ተሳስቷል ማለት አይደለም። ሲስተር በሐዘኗ ምክንያት አመነች ማለትም እምነቷ ውሸት ነው ማለት አይደለም። ሰው ወደ አንድ ሐሳብ የመጣበት መንገድና የሐሳቡ እውነትነት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። «አንተ እኮ የምታምነው ስለምትፈራ ነው»፣ «አንተ እኮ የማታምነው ስለቆሰልክ ነው» እያልን ስንወራወር ክርክር እያደረግን አይደለም። ያለ ፈቃዱ የሰው ካርድ እያነበብን ነው።

እኔስ? አምናለሁ። ለምን ስባል የማገኘው መልስ ግን ያሳፍራል፤ እናቴ። ልጅ ሳለሁ አጠገቤ ስትጸልይ ድምፅዋ እንቅልፍ ያመጣልኝ ነበር። ሌላ ቤት ብወለድ በሌላ ስም እጠራው ነበር፣ ወይም ጭራሽ አልጠራውም ነበር። ይህን አውቄም አምናለሁ። ለዶክተሩ ስነግረው «ከአንተ የሰማሁት የመጀመሪያው ደህና ምክንያት» አለኝ። እያሾፈ ይሁን አይሁን አሁንም አልለየሁም።

ለሰውየው ይቅርታ ጽፌ ላክሁ። አልመለሱልኝም። መመለስም አልነበረባቸውም።

ባለፈው ወር አንዲት ልጅ እናቷ እኛ ዘንድ ነበሩ። ተስፋው ቀጭን ነበር፣ እሷም ታውቃለች። ሌሊት ላይ ክንዴን ያዘችና «ፈጣሪ አለ ትላለህ?» አለችኝ። ያቺ ዓረፍተ ነገር ምላሴ ጫፍ ድረስ መጣች፣ ልማድ ክፉ ነው። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። «አንቺስ?» አልኳት። ያን ሁሉ ሰዓት ለመናገር ስትጠብቅ የቆየች ይመስል ጀመረች። መጀመሪያ ሰደበችው። ከዚያ እናቷን ስለሰጣት አመሰገነችው። ከዚያ ደግሞ እንደሌለ አስረዳችኝ፣ በደንብ፣ ከዶክተሩ በተሻለ። በየመሃሉ ተነስቼ ፓምፑን አያለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ፣ ካቆመችበት ትቀጥላለች።

ተረካቢዋ ነርስ ስትመጣ ተነሳሁ።

«ነገ ሌሊትም አንተ ነህ?» አለችኝ ልጅቷ።

ነኝ አልኳት።