አራት ማርሽ ወደ ኋላ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከእንግዲህ በስሜ የሚጠራኝ የለም፤ ‹‹ባለ ኋላ ማርሹ›› ሆኛለሁ።

መኪናው ከአባቴ የወረስኩት የ1966 ስሪት ቮልስ ዋገን ነው። ቀለሙንና ወንበሩን ትቼ ገንዘቤን ሁሉ ከሥሩ አፈሰስኩት። የመሪውን ዙር ወደ ጎማዎቹ የሚያደርሰው ስተርዞ ከመላላቱ የተነሣ መሪው ሩብ ዙር ከዞረ በኋላ ነበር ለጎማዎቹ ወሬው የሚደርሳቸው። እርሱም፣ የመሪውን ዘንጎች ከጎማዎቹ ጋር የሚያጋጥሙት ቴስቲናዎችም ተቀየሩ። አንዱን ቴስቲና ‹‹ኦሪጅናል ነው›› ብሎ የሸጠልኝ ነጋዴ፣ ሁለተኛውን ሲያወጣ ‹‹ይህ ደግሞ የበለጠ ኦሪጅናል ነው›› አለኝ። የበለጠ ኦሪጅናል! የበለጠው ዋጋው ብቻ ነበር።

ከዚያ ካምቢዮው፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ ወረደ፤ ውስጡ ያለው፣ ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ዲፈረንሻል ያጉረመርም ስለነበር ተከፍቶ ኩሽኔታው ተለወጠ። መካኒኩ ባለ 36 ቁጥሩን የኋላ ጎማ ዳዶ ሲያጠብቅ ቁልፉ ላይ ረጅም ቱቦ ሰክቶ በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለበት። እንዲህ የሚንጠለጠል ሰው ሥራውን ያውቃል ብዬ ልቤን ጣልኩበት።

ሥራው ያለቀው የአክስቴ ልጅ ባገባበት ዕለት ጠዋት ነው። ኮፈኑ ላይ አበባ ታሰረ፤ ሚዜዎቹ ገቡ። አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ስለቅ መኪናው ወደ ኋላ ሄደ። ሁለተኛ አስገባሁ፤ ወደ ኋላ፣ ግን ፈጠን ብሎ። ወደ ፊት የሚሄደው ማርሹን ወደ ታች ተጭኜ የኋላውን ሳስገባ ብቻ ነው፤ እርሱም እየጮኸ በእግረኛ ፍጥነት። ባጃጅ ሁሉ ጥሎን ሲያልፍ የሙሽራው አንደኛ ሚዜ ‹‹ሙሽራዋ ትጠብቃለች፣ በሁለተኛው ንዳው!›› ብሎ ጮኸ።

ነዳሁት። በኋላ መስታወት ብቻ እያየሁ ከተማውን አቋረጥኩ። ወደ ፊት ስትሄዱ መሪው ራሱን ወደ መሐል ይመልሳል፤ ወደ ኋላ በፍጥነት ስትሄዱ ግን ጥቂት ካዘነበለ እስከ ዳር ካልሄድኩ ብሎ ከእጅ ያመልጣል፣ እንዳመለኛ በቅሎ። አዲሱ ስተርዞዬ ለዚህ ነበር እንዲያ የጠበቀው።

መስቀለኛው ላይ ጋቢ የለበሱ አዛውንት በከዘራቸው አስቆሙኝ።

‹‹ልጄ፣ የዚህ መኪና ሞተር በየት በኩል ነው?››

‹‹በኋላ ነው፣ አባባ።››

‹‹እንግዲያው ወደ ኋላ ስትሄድ የኖርኸው እስከ ዛሬ ነበር። ገና ዛሬ ቀናህ!››

ሕዝቡ አጨበጨበ። እልል ያሉም ነበሩ።

ይህ ንግግር እዚያው ቢቀር ምን ነበረበት? ማታውኑ ጠላ ቤት ገባ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ‹‹ሞተር የሚቀድመው ነው ፊት›› የሚሉና ‹‹መብራት ያለበት ነው ፊት›› የሚሉ ሁለት ወገኖች ተፈጠሩ። የባጃጅ ሹፌሮች ተራ ሲጠብቁ በዚሁ ይከራከራሉ፤ የእነርሱም ሞተር ከኋላ ስለሆነ ጉዳዩ ነክቷቸዋል። የእኛ ዕድር ስብሰባ ላይ ‹‹ልዩ ልዩ ጉዳዮች›› በሚለው ሥር ተነሥቶ፣ ጸሐፊው እየሳቀ ቃለ ጉባኤ ላይ አሰፈረው። የመንገዱ ጉድጓድ ግን ሳይነሣ ስብሰባው ተዘጋ። በዚያ ጉድጓድ ስንት ቴስቲና እንዳለቀ የሚጠይቅ የለም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ዲፈረንሻሉ ሲመለስ ኮሮናው፣ ያ ትልቁ ባለ ጥርስ ቀለበት፣ በግራ መቀመጥ ሲገባው በቀኝ ተገጥሟል። ቮልስ ላይ ይህ ከሆነ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞሩት ዘንጎች፣ ሰሚያሶቹ፣ በተቃራኒው ይዞራሉ፤ አራቱ የፊት ማርሾች የኋላ፣ አንዱ የኋላ ማርሽ የፊት ይሆናል። በዓለም ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልስ ተሠርቷል፤ ሙሽራ ልቀበል ብሎ በጀርባው የመጣው የእኔው ሳይሆን አይቀርም።

መካኒኩ ዘንድ ሄጄ ስጮህ አንገቱን እንኳ አልደፋም።

‹‹ጋሼ፣ አራት የኋላ ማርሽ ያለው መኪና በጎጃም ምድር ማን አለው?›› አለኝ። ‹‹ወደ ፊት ይሂድልኝ ካሉ ግን እርሱ ሌላ ሥራ ነው፤ ማውረጃም መስቀያም እንደገና ያስከፍላል።››