ጣናን በምሽት፦ የመብራት ማማ በሌለበት ውኃ ላይ

የመብራት ማማ ነገር ሁሌም ይማርከኛል። በየባሕሩ ዳርቻ ቆመው በሌሊት መርከብን ከዓለት የሚጠብቁትን ረጃጅም ግንቦች ማለቴ ነው። ጣና የሚታወቀው በገዳማቱ እንጂ በእነዚህ ማማዎች አይደለም። ባሕር ዳር ለሥራ ሄጄ ትንሽ ጊዜ ሲተርፈኝ ግን ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ጀልባ ተከራየሁ፦ እዚህ ውኃ ላይ የሚኖር ሰው መንገዱን በምን ያውቃል?

ጀልባ ነጂው በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያሉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ማልደን እንድንነሳ ያሉት እሳቸው ናቸው። «ከሰዓት ነፋስ ይነሳል» አሉኝ። ፀሐይ ስትወጣ እኛ ውኃው ላይ ነበርን። ከዘጌ በኩል እንጨት የጫኑ የደንገል ታንኳዎች ወደ ከተማው ይቀዝፋሉ። በስተቀኝ ደግሞ አባይ ከጣና የሚወጣበት አፍ ይታያል።

አባይን ሳይ ሐሳቤ እስክንድርያ ደረሰ። በጥንቱ ዓለም ስሙ የገነነው የመብራት ማማ የተሠራው እዚያ ነው፤ ፋሮስ በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ፣ በዳግማዊ በጥሊሞስ ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ280 ገደማ። ቁመቱ 100 ሜትር ገደማ እንደነበር ይገመታል። ታችኛው ክፍል አራት ማዕዘን፣ መካከለኛው ስምንት ማዕዘን፣ ላይኛው ክብ ነበር። ጫፉ ላይ እሳት ይነድ ነበር። ለምን እዚያ አስፈለገ? የግብፅ ዳርቻ ሜዳ ስለሆነ ነው። ከባሕር የሚመጣ መርከበኛ «ደረስኩ» የሚያሰኘው ተራራ አያገኝም። አሸዋውን የሚያየው ሊላተም ሲል ነው።

ያንን አገር ሜዳ ያደረገው ደለል ደግሞ በአብዛኛው ከእኛ ደጋ የወረደ ነው። አፈሩን ያጋዙት ከጣና በታች ወደ አባይ የሚገቡት ወንዞችና ተከዜ ናቸው። ጣና ራሱ የሚገባለትን አፈር ብዙውን እዚያው ያስቀረዋል። ይህን ሳስብ ልቤ ይሞላል። የእኛ ተራራ እየታጠበ ወርዶ ሜዳ ሠራ፤ ሜዳው ደግሞ ሰው ሠራሽ ተራራ አስፈለገው።

ማማው በ1303 እና በ1323 በመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ ተጎዳ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ1477 ሱልጣን ቃይትባይ በቦታው ምሽግ ሠራ። ምሽጉ ዛሬም አለ። ሮማውያን በስፔን ላ ኮሩኛ ያቆሙት የሄርኩለስ ማማ ግን ከነሕይወቱ ደርሷል። ውጪው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቢታደስም እስካሁን ይበራል።

ጣና ላይ ቀን ቀን ምልክት ሞልቷል። ይህን ያስተማሩኝ ጀልባ ነጂው ናቸው። ሐይቁ 84 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። መሐል ላይ ስትሆን በሰሜን በኩል የጎርጎራ ዳርቻ አይታይም፤ የመሬት ክብነት ይሸፍነዋል። ከፍ ያለ ነገር ግን ከሩቅ ብቅ ይላል። ዳጋ እስጢፋኖስ ሾጣጣ ኮረብታ ስለሆነ ቀድሞ የሚታየው እሱ ነው። ሰማዩ ሲጠራ በምሥራቅ የጉና ተራራ አለ። ክብራን ገብርኤልን የሚለዩት በደኑ ነው፤ በገዳማቱ ዙሪያ ዛፍ ስለማይቆረጥ ደሴቲቱ ከውኃው ላይ ጠቁራ ትታያለች። «ዛፉ ባይኖር ግማሹን መንገድ አላውቀውም» አሉኝ። ስለ ገዳማት ደን ብዙ ሲባል ሰምቻለሁ። ለጀልባ ነጂ ምልክት ይሆናል ብሎ የነገረኝ ግን አልነበረም።

በመብራት ማማዎችም ዘንድ እንዲሁ ነው። ማማ የሚሠራው በሌሊት ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ በቀይና በነጭ፣ በጥቁርና በነጭ የሚቀቡት ቀን ከሩቅ እንዲለዩ ነው። መርከበኛው ቀለሙን አይቶ የትኛው ዳርቻ እንደደረሰ ያውቃል።

ዳጋ ላይ ብዙ አልቆየንም። የእነ አፄ ዘርዓ ያዕቆብና የአፄ ፋሲለደስ አፅም ያረፈበት ቦታ ነውና ለብቻው ሊጻፍለት ይገባል። ናርጋ ሥላሴ ግን አዘገየን። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በደቅ ደሴት ላይ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነው። የድንጋይ አጥሩና በሩ የጎንደርን ግንቦች ያስታውሳል። ሥዕሎቹን አይተን ስንወጣ ውኃው ተለውጧል። ነጭ አረፋ ያለው ማዕበል ዳሩን ይመታል። ነጂው አንድ ጊዜ አዩትና ዛፍ ሥር ተቀመጡ። «ይብረድ» አሉ። ልክ ናቸው፤ በትንሽ ጀልባ ከጣና ነፋስ ጋር እልህ አይያዙም።

ነፋሱ የበረደው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነበር። ላይፍ ጃኬታችንን አጥብቀን ወደ ደቡብ ተነሳን። ብዙም ሳንሄድ ጨለመ። ዘጌ በስተቀኝ ጥቁር ሆኖ ተጋድሟል። ጨረቃ የለም። ሐይቁ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም አያልፍም። ዳር ዳሩን ድንጋይ አለ። ውኃው በበጋ ሲጎድል ድንጋዩ ወደ ላይ ይቀርባል።

«ጋሼ፣ አሁን በምን እያዩ ነው?» አልኳቸው።

«ቀይዋን አየሃት? ከፍ ያለችውን? የአንቴና ናት። ዝቅ ብላ ሌላ አለች። ከሥርዋ ስትገባልህ መንገድ ላይ ነህ። ወደ ግራ ከሄደች ወጥተሃል።»

ደነገጥኩ፤ በደስታ። ይህ እኮ በዓለም ወደቦች የሚሠራበት ዘዴ ነው! ሁለት መብራት ይተከላል፤ የፊተኛው ዝቅ፣ የኋለኛው ከፍ ይላል። ሁለቱ አንዱ ባንዱ ላይ ሲገጥሙ መርከቡ አስተማማኙ መስመር ላይ ነው። አንቴናዎቹ ለስልክ የቆሙ ናቸው። መብራታቸውም ለአውሮፕላን ነው። የጣና ጀልባ ነጂዎች ግን ማንም ሳያስተምራቸው ለራሳቸው ሥራ አዋሉት።

«ከተማው መብራት ሲጠፋስ?»

«ሌላው ይጠፋል። እነሱ ብዙ ጊዜ አይጠፉም። ባትሪ አላቸው መሰለኝ።»

ከዚያ እኔም የማውቀውን ነገርኳቸው። ድሮ የማማ እሳት ብርሃኑ በየአቅጣጫው ይባክን ነበር። ኦገስቲን ፍሬኔል የሚባል ፈረንሳዊ ብርጭቆን እንደ ቀለበት ደርድሮ ብርሃኑን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሰበስብ ሌንስ ሠራ። በ1823 ኮርዱዋን በሚባለው ማማ ላይ ተተከለ። ኮርዱዋን በፈረንሳይ ዳርቻ በ1611 ያለቀ፣ ቤተ መንግሥት የመሰለ ማማ ነው። ሌንሱ ሲሽከረከር ብርሃኑ ከሩቅ ብልጭ እያለ ይታያል። እያንዳንዱ ማማ የራሱ አበራር ተሰጠው። አንዱ በየአምስት ሰከንዱ፣ ሌላው ሁለት ጊዜ ብልጭ ብሎ ያርፋል። መርከበኛው ሰከንዱን ቆጥሮ ማማውን በስሙ ይጠራዋል። ጀልባ ነጂው ዝም ብለው ሰሙኝ። ዓይናቸው ከቀይዋ መብራት አልተነቀለም።

ባሕር ዳር ስንቀርብ የከተማው መብራት ውኃው ላይ ተዘረጋ። ሞተሩን ቀነሱ። እኔም ሲከነክነኝ የቆየውን ጠየቅኳቸው። «አንድ መብራት ብቻ ቢሰጥዎት የት ያቆሙታል?»

አላሰቡበትም፤ መልሱ ያደረ ነበር። «ደቅ፣ ማረፊያው ላይ። ባሕር ዳር በራሷ ትታያለች። ደቅ ምጥ የጠናባት ሴት ስትኖር በሌሊት ይደወልልናል። ስንመጣ መብራቷ አለችልን። ስንሄድ ግን ጨለማ ነው። ልጆቹ ዳር ላይ ቆመው በእጅ ባትሪ ያበሩልናል። ባትሪው ደከም ካለ ድንጋዩን በግምት ነው የምናልፈው።»

ለዚህ ግንብ አያስፈልግም። ዛሬ በብዙ አገር የማማ ጠባቂዎቹ ወጥተው ሥራውን በሶላር የሚሞላ ትንሽ የኤልኢዲ መብራት ተክቷቸዋል። አንድ የብረት ምሰሶ ይበቃዋል። ደቅ ላይ ሰው ይኖራል፤ ጀልባም በሌሊት ይሄዳል። እንዲህ ያለ መብራት ሊቆምለት ይገባል ብዬ አምናለሁ። ይህንኑ ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁና አንድ ነገር ጨመሩ።

«ብልጭ ድርግም የሚል ይሁን። ዝም ብሎ ከበራ ከቤት መብራት ጋር ይምታታብናል።»